ሎው ካርብ ከጀመርኩ ወዲህ ትንሽ ነካ ሲያደርገኝ ይበልዛል፣ እግሬ ላይም ቀጫጭን ደም ስር ወጥቷል፤ ምን ይሆን?

መምህርት ከማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ፣ ዕድሜዬ አርባን አለፍ ብሏል። ስኳርሽ ወደ ላይ እያለ ነው ስለተባልኩ መድኃኒት ሳልጀምር ክብደት ልቀንስ ብዬ ከፋሲካ በኋላ ሎው ካርብ የሚባለውን፣ ካርቦሃይድሬት የሚቀነስበትን አመጋገብ ጀመርኩ። እንጀራ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ድንች፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ሽሮ ሁሉ የለም። ፍራፍሬም ስኳር አለው ሲሉ ስሰማ ተውኩት። ጠዋት እንቁላል በቅቤ፣ ምሳ ጥብስ፣ ማታ አይብ ወይ የተረፈውን ሥጋ፣ ቡና ያለ ስኳር። በቃ ይኸው ነው።

ክብደቴ ደህና አድርጎ ቀንሷል። ስኳሬም ወርዷል፣ በዚህ ደስ ብሎኛል።

ችግሩ ግን ሰውነቴ መበለዝ አመጣ። ጭኔ ላይ፣ ክንዴ ላይ፣ ዳሌዬ ላይ። የጠረጴዛ ጠርዝ ትንሽ ገፋ ሲያደርገኝ በማግስቱ ሰማያዊ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ እያለ ይቆያል። አንዳንዱን እማ ምን እንደመታኝ ራሱ አላስታውስም። ሰሞኑን ደግሞ ግፊት ስለካ የታሰረበት ቦታ ላይ ጥቃቅን ቀያይ ነጠብጣብ ቀረብኝ። ከጉልበቴ ጀርባና ጭኔ ላይ ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀጫጭን ቀይና ሰማያዊ ደም ስሮች ይታያሉ፣ ድሮ እንዲህ አይታዩም ነበር።

እናቴ የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል ሂጂ ትላለች። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ እንጀራ ስለተውሽ ደምሽ ቀጥኖ ነው አለችኝ። ባለቤቴ ተይው ይላል። እኔ ግን ስኳሬን ያወረደልኝን ነገር እንዲሁ መተው አልፈልግም። አመጋገቡ ነው? ወይስ ሌላ በሽታ? እንዲህ የገጠመው ሰው ካለ ንገሩኝ። ፍልሰታም እየደረሰች ነው፣ ያኔ ሥጋውም እንቁላሉም ሲቀር ምን ልበላ እንደሆነ እሱም አስጨንቆኛል።

---

የጣና ዳር

እህቴ በመጀመሪያ ስኳሩ ስለወረደልሽ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ባሕር ዳር ነኝ፣ ሎው ካርብ ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ምንም የበለዘ ነገር የለብኝም። ስለዚህ እንጀራ በመተው ብቻ የሚመጣ ነገር አይመስለኝም። ሰው እንጀራም ዳቦም ሳይበላ መኖር ይችላል፣ ጉበታችን ራሱ የሚያስፈልገውን ስኳር ይሠራል። እነዚያ ሰሜን ዋልታ ያሉ ሰዎች እኮ ስንት ዘመን በሥጋና በዓሣ ብቻ ኖረዋል።

የእግርሽ ደም ስር እኔ እንደሚመስለኝ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ሲቀንስ ተሸፍኖ የነበረው ታየ እንጂ አዲስ የበቀለ ላይሆን ይችላል። እኔም እጄ ላይ ያለው ደም ስር ከበፊቱ ይልቅ ይታያል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፣ አትክልት የት ሄደ? የጻፍሽው ውስጥ ቅጠል የሚባል ነገር አላየሁም። እኔ ቆሮሶ ዓሣ ስበላ አጠገቡ ጎመን ወይ ሰላጣ ከነቃሪያው አይጠፋም፣ አቮካዶም አለ። ሎው ካርብ ማለት ሥጋና ቅቤ ብቻ ማለት አይደለም።

---

ሲስተር ከቡሬ

ሰላም መምህርት። ነርስ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። በጽሑፍ ብቻ ምርመራ አይደረግም፣ ግን ያልሽው ነገር ውስጥ ሳላነሳው የማላልፈው ነጥብ አለ፣ እሱም ግፊት ስትለኪ ቀረብኝ ያልሽው ነጠብጣብ። ክንድ ሲታሰር ከታሰረበት በታች ወይም ሥሩ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀይ ነጠብጣቦች ከወጡ ሁለት ነገር እናስባለን። ወይ ፕላትሌት የሚባለው ደም የሚያቆመው የደም ክፍል አንሷል፣ ወይ ደግሞ የጥቃቅኖቹ ደም ስሮች ግድግዳ ደክሟል። ነጠብጣቡን በብርጭቆ ጫን አድርጊውና እዪ፣ ካልጠፋ ደም ከሥሩ ወጥቷል ማለት ነው። ይሄ በምንም ምክንያት ቢመጣ የደም ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር ነው።

"ደምሽ ቀጥኖ ነው" ያለችሽ ባልደረባሽ ከቅንነት ነው፣ ግን እንጀራ ደም አያወፍርም። ቆዳ የሚበልዘው ከሥሩ ያለው ትንሽ ደም ስር ሲበጠስና ደሙ ወደ ሥጋው ሲፈስ ነው። ያ እንዳይሆን ሦስት ነገር መስራት አለበት። የደም ስሩ ግድግዳ ጠንካራ መሆን አለበት፣ ለዚህ ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል። ፕላትሌቱ በቂ መሆንና መሥራት አለበት። ጉበት የሚሠራቸው ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች መኖር አለባቸው፣ ለእነሱ ደግሞ ቫይታሚን ኬ ያስፈልጋል፣ እሱ በብዛት ያለው ጎመንና ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ሰው ይበልዛል።

አሁን አንቺ ያልሽውን ምግብ ስመለከት ቫይታሚን ሲ የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል የለውም። እንቁላል ውስጥ የለም። ቅቤ ውስጥ የለም። አይብ ውስጥም የለም ማለት ይቻላል። በደንብ የተጠበሰ ሥጋም የሚበቃሽን አይሰጥሽም። ሰውነታችን ቫይታሚን ሲ ራሱ አይሠራም፣ ያጠራቀመው ደግሞ ምንም ካልገባለት ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ ያልቃል። ከፋሲካ እስከ አሁን ስንት ወር ሆነ? ጊዜው ይገጥማል፣ ለዚህ ነው የማስበው። ወንድሜ የጣና ዳር ስለ ሰሜን ዋልታ ሰዎች ያነሳኸው እውነት ነው፣ ግን እነሱ የዓሣ ነባሪውን ቆዳና የአውሬውን የሆድ ዕቃ ጥሬውን ይበሉ ነበር፣ ቫይታሚኑ እዚያ ውስጥ ነበር። ጥብስ የሚበላ የማርቆስ ሰው ከነሱ ጋር አይወዳደርም።

እነዚህን መልሺልኝ። ድድሽ ይደማል? ነስር አለብሽ? የወር አበባሽ በዝቷል? ሰገራሽ ጠቁሯል? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ አለ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ከሱቅ የተገዛ፣ ከውጭ የተላከ፣ የሚቀባም ቢሆን ሳትተዪ ንገሪኝ። ከነዚህ ውስጥ ነስሩ አልቆም ካለ፣ ሰገራ ከጠቆረ፣ ወይም ነጠብጣቡ መላ ሰውነትሽን ካዳረሰ መልስ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ።

እማማን ደግሞ አትከራከሪያቸው። ጠበሉንም ሂጂ፣ ምርመራውንም አድርጊ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

---

መምህርት ከማርቆስ

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አስረድቶ የነገረኝ አልነበረም።

ድዴ ጠዋት መፋቂያ ስጠቀም ይደማል፣ እንጨቱ ደረቅ ሆኖ ነው ብዬ ነበር። ነስር የለም። የወር አበባዬ እንደድሮው ነው። ሰገራም ደህና ነው። ትኩሳት የለኝም። ግን ይደክመኛል፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴንም ያመኛል።

መድኃኒት ያልሽው፣ ለጉልበቴ ዳይክሎፌናክ ገዝቼ አልፎ አልፎ ሳይሆን ደጋግሜ እወስዳለሁ። እህቴ ከውጭ የላከችልኝ የዓሣ ዘይት ካፕሱል አለ፣ ለልብ ጥሩ ነው ብላ፣ እሱን በየቀኑ። ራሴን ሲያመኝ አስፕሪን። ክሬም አልቀባም፣ ቅባት ብቻ ነው።

ጎመን የቀረው ሳላስበው ነው። ቤታችን ጎመንም ሰላጣም ቃሪያም ከእንጀራ ጋር ነው የሚቀርበው። እንጀራውን ስተው ትሪው ራሱ ቀረ፣ እኔ ሥጋዬን በሰሃን ብቻዬን እበላለሁ።

---

ፋርማሲው

ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። መምህርት ያልሽው ዝርዝር ውስጥ ሦስቱም ፕላትሌት ላይ የሚሠሩ ናቸው። ፕላትሌትሽ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ያደርጉታል። አስፕሪን አንዴ የነካው ፕላትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ አይመለስም፣ እሱም ከሰባት እስከ አስር ቀን ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከሰውነት ሲወጡ ጉዳታቸው ያበቃል፣ ግን ደጋግመሽ ስትወስጂው አይወጣም ማለት ነው። የዓሣ ዘይት ብቻውን በትንሽ መጠን ሲወሰድ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም፣ በነዚህ ላይ ሲደረብ ነው ነገሩ የሚበዛው። ለራስ ምታትሽም ለጉልበትሽም እስክትመረመሪ ድረስ ፓራሲታሞል ይሻልሻል፣ እሱ ፕላትሌትን አይነካም፣ ብቻ ከመጠን አታሳልፊ።

አንድ ማሳሰቢያ። ለልቡ ወይም ለስትሮክ ሐኪም አስፕሪን ያዘዘለት ሰው ይህን አንብቦ አስፕሪኑን እንዳያቆም። እኔ የምለው ለራስ ምታት ብሎ በራሱ ለሚውጥ ነው።

ክሬም አልቀባም ማለትሽ ደስ ብሎኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ግን ልበል፣ ምክንያቱም በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ፊት ያቀላል እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ክሬም ውስጥ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል አለ። ስቴሮይድ ናቸው። ቆይቶ ቆዳውን ያሳሱታል፣ ጉንጭ ላይ ቀያይ ደም ስር ያወጣሉ፣ ትንሽ ሲነካም ይበልዛል። ለመወፈር ብለው ዴክሳሜታዞን የሚውጡም እንደዚሁ። የበለዘ ቆዳ ይዛ መጥታ ቫይታሚን የምትጠይቀኝን ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቃት ምን ትቀቢያለሽ ብዬ ነው። ቆዳው ከለመደው በኋላ ደግሞ በድንገት ሲቆም ሊቆጣ ስለሚችል የቆዳ ሐኪም እያየው ቢቆም ጥሩ ነው።

---

የጣና ዳር

ሲስተር የዋልታ ሰዎቹን ነገር ስላረምሽልኝ አመሰግናለሁ፣ ጥሬ መብላታቸውን አላወቅኩም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ኪቶ የሚባለው በጣም ጥብቅ የሆነ የሎው ካርብ ዓይነት መጀመሪያ የወጣው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሚጥል በሽታ ሕክምና ነው፣ ክብደት መቀነሻ የሆነው ኋላ ነው። እና በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በዚያ አመጋገብ ላይ ከነበሩ 51 ታካሚዎች 16ቱ መበለዝ ወይም ቀላል መድማት እንደጨመረባቸው መዝግቧል፤ ተመራማሪዎቹ የፕላትሌቱ አሠራር እንደተለወጠ ያሳያል ነው ያሉት። ስለዚህ ከምግቡ ጋር ምንም አይገናኝም ማለትም አይቻልም። ያ ግን እኛ ከምናደርገው በጣም የጠበቀ፣ ቅባቱ በሚዛን ተለክቶ በሐኪም የሚሰጥ ነው።

---

የፍኖተ ሰላም ልጅ

ወይ መምህርት፣ ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ በቫይታሚን ሲ እጥረት መቸገር ያስቆጫል! እዚህ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ እኮ የበርበሬ አገር ነው። እርሻ ላይ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ስለ ቃሪያ እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ጥሬ አረንጓዴ ቃሪያ ግራም በግራም ሲለካ ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው። ብርቱካን በ100 ግራም ውስጥ ሃምሳ ሚሊግራም ገደማ አለው፣ ቃሪያ ከዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሄዳል። አንድ ትልቅ ሴት በቀን የሚያስፈልጋት 75 ሚሊግራም ነው፣ ወንድ 90፣ የሚያጨስ ደግሞ 35 ይጨምርበታል። ካርቦሃይድሬቱ ደግሞ ለምትቆጥሩት ኢምንት ነው፣ ሁለት ቃሪያ ብትበዪ ሎው ካርብሽ አይፈርስም። ይህን ቫይታሚን በብዛት አጣርቶ ያወጣው የሃንጋሪው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂ ራሱ ያገኘው ከምን መሰላችሁ? ከአገሩ በርበሬ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል።

ግን ጥሬው ነው። ደርቆ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ድልህ ወይ አዋዜ የሆነው ብዙውን ቫይታሚን ሲ አጥቷል። ስለዚህ ጥብሱ በአዋዜ ነው የምበላው ብሎ መጽናናት አይሆንም። ቃሪያውን በሽንኩርትና በቲማቲም ሰንገሽ ብዪው። የሚያቃጥልሽ ከሆነ ፍሬውን አውጪው፣ ወይም ያንን የማያቃጥለውን ትልቁን የፈረንጅ ቃሪያ ተጠቀሚ፣ እሱም በቂ አለው።

ጎመን ላይም አንድ ነገር አለኝ። እኛ ቤት ጎመን እስኪሟሽሽ ይቀቀላል፣ ውሃው ደግሞ ይደፋል። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይጠፋል፣ ውሃ ውስጥም ይሟሟል፣ ስለዚህ የተደፋው ውሃ ይዞት ሄደ ማለት ነው። ቫይታሚን ኬው ግን በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ ብዙውን ይተርፋል። ጎመኑን ከትፈሽ በትንሽ ውሃ ቶሎ አውርጂው፣ ቅቤ ወይ ዘይት ጣል አድርጊበት፣ ቫይታሚን ኬ ያለ ቅባት በደንብ አይገባም። ፍራፍሬ ከፈለግሽ ዘይቱን የሚባለውን ፍሬ (ጉዋቫን) ምረጪ። አንዷ ፍሬ የቀኑን ትሸፍናለች፣ ስኳሯም ከሙዝና ከማንጎ ያነሰ ነው።

---

ሞጣ ነኝ

ይቅርታ በሰው ጥያቄ መሐል ገባሁ። አባቴ እግራቸው ላይ ደም ረግቶ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ጀምረው ነበር። ስኳርም አለባቸው። ዘመድ ነግሯቸው እንጀራም ጎመንም ትተው ሥጋና እንቁላል ብቻ ሆኑ፣ ጎመኑን የተዉት ለዋርፋሪን ጎመን አይበላም ተብለው ነው። አሁን ሁለቱም ክንዳቸው በልዟል። እኔ ዕድሜ ነው ብዬ ነበር። ዋርፋሪኑን ላስቁማቸው?

---

ፋርማሲው

ወንድሜ በራስህ አታስቁም፣ ግን ነገ ጠዋት አታሳልፍ፣ ሆስፒታል ይዘሃቸው ሂድና አይኤንአር የሚባለውን፣ ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየውን ምርመራ አስለካ። ለረጋ ደም ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን እየተቃወመ ነው። መድኃኒቱ የተለካላቸው ጎመን እየበሉ ሳለ ከሆነ፣ ጎመኑ ድንገት ሲቀር ያው መጠን ይበዛባቸዋል፣ ደም መድማት ይመጣል። ድንገት ብዙ ጎመን መብላት ደግሞ በተቃራኒው መድኃኒቱን ያዳክመዋል፣ ደሙ እንደገና ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ "ጎመን አይበላም" የሚለው ትክክል አይደለም፣ ትክክሉ ጎመኑ ከሳምንት ሳምንት አንድ ዓይነት መጠን ይሁን ነው። ምግባቸውን ሲቀይሩ ሁሉ ልኬቱ መደገም አለበት።

ስኳርም ስላለባቸው፣ ለሱ የሚወስዱት መድኃኒት ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን ከሆነ እንጀራ ሲቀር ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ካየህ ቶሎ ስኳር ያለው ነገር ስጣቸው፣ ይህንንም ለሐኪሙ ንገረው።

ሰገራቸው ከጠቆረ፣ ራሳቸውን ክፉኛ ካመማቸው ወይም ወድቀው ጭንቅላታቸው ከተመታ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቅ። ለሕመም ዳይክሎፌናክ እንዳይገዙ ደግሞ አደራ።

---

ዳንግላ

እኔ ደግሞ የምፈራው ሁሉ ነገር በምግብ ሲሳበብ ነው። የአጎቴ ልጅ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ሄዶ ሲመለስ ከሳ፣ ድዱና አፍንጫው ይደማ ጀመር፣ ሰውነቱ ይበልዛል። ቤተሰቡ ምግብ አጥቶ ነው ብሎ ቅቤና ማር ሲያበላው ሰነበተ። ካላዛር ነበር፣ ያ ቆላ ውስጥ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው በሽታ። ጣፊያው አብጦ ፕላትሌቱ ወርዶ ነው የተገኘው። ታክሞ ዳነ፣ ግን ዘግይቶ ነበር። ቆላ ሄዶ የመጣ ሰው ትኩሳት፣ ክሳትና መድማት ካለበት አመጋገብ ምናምን ሳይባል ይመርመር።

---

ሲስተር ከቡሬ

ዳንግላ ያልከው በጣም ትክክል ነው፣ እኔም ልጽፈው ነበር። ወባ ራሱ ፕላትሌት ያወርዳል። ጣና ዙሪያ ውሃ ውስጥ የሚውሉ ሰዎች ላይ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ፣ ሲቆይ ጉበትን አበላሽቶ ጣፊያን ያሳብጣል። ጉበት በሄፓታይተስ ቢ ወይም በአረቄ ሲጎዳም ሰው ይበልዛል፣ ደረትና ትከሻ ላይ መሐላቸው ቀይ የሆኑ፣ ዙሪያቸው እግር ያወጡ ጥቃቅን ደም ስሮች ይወጣሉ። እነዚህ እግር ላይ ከሚወጡት የተለዩ ናቸው።

መምህርት ያንቺ እግር ላይ ያለው ግን ከጉልበት ጀርባና ጭን ላይ ስለሆነ ብዙ አላሳሰበኝም። ያ ብዙ ጊዜ የዘር ነው፣ እርግዝና ያመጣዋል፣ ቀኑን ሙሉ መቆም ያባብሰዋል፣ አስተማሪ ደግሞ ትቆማለች። ክብደት ስትቀንሺ ይበልጥ ታየ፣ እዚህ ላይ የጣና ዳር ያለው ልክ ይመስለኛል። በቃሪያም በክኒንም አይጠፋም፣ እሱን ከመበለዙ ለይተሽ እዪው። በመሐል እየተራመድሽ አስተምሪ፣ ቤት ስትገቢ እግርሽን ከፍ አድርጊ። አንድ እግር ብቻውን አብጦ፣ ሞቆ ካመመሽ ግን ያ ሌላ ነው፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ታዪ።

አሁን የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ሂጂና ሲቢሲ የሚባለውን የደም ሴሎች ቆጠራ ይሥሩልሽ፣ ፕላትሌት እዚያው ውስጥ ይወጣል፣ ደህና የሚባለው ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ነው። ከሱ ጋር የጉበት ምርመራና የደም መርጋት ጊዜ። ምን እንደምትበዪና ምን እንደምትውጪ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያቸው። ሐኪሙ ካልጠየቀሽ አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ። ቫይታሚን ሲ ምርመራ ብዙ ቦታ አይገኝም፣ ግን ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ምግቡን አስተካክሎ ማየት ራሱ መልስ ይሰጣል። የድድ መድማትና ድካም በቀናት ውስጥ መሻል ይጀምራል፣ የበለዘው በሳምንታት።

---

መምህርት ከማርቆስ

ሄጄ መጣሁ። ፕላትሌት 236 ሺህ፣ ደህና ነው። የደም መርጋቱም ደህና ነው። ጉበትም ደህና፣ ሄፓታይተስ ነፃ። ሐኪሟ ድዴን ከፍታ አየች፣ ክንዴ ላይ ያሉትን ፀጉሮች በእጅ መብራት እያየች አንዳንዶቹ ተጠምዝዘዋል፣ ሥራቸውም ቀልቷል አለችኝ። የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው የሚመስለኝ፣ ዳይክሎፌናኩ ደግሞ አባብሶታል ነው ያለችው። ክኒን አዘዘችልኝ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ብዙ መውሰድ ኩላሊት ላይ ጠጠር ያመጣል ብላ መጠኑን ጽፋልኛለች። ዳይክሎፌናክ፣ አስፕሪንና የዓሣ ዘይት ቆመዋል። ስለ እግሬ ልክ ሲስተር እንዳለችው ነው የነገረችኝ፣ እናቴም እኮ አላት፣ ቀሚስ ስለምትለብስ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሎው ካርቡን ተዪ አላለችኝም፣ ስኳሩ ስለወረደ ቀጥዪበት አለች። ግን ትሪው ላይ ተመለሺ፣ ሩብ እንጀራ ይኑርሽ፣ ጎመኑና ሰላጣው ይብዛ ነው ያለችኝ። ትናንት ከልጆቼ ጋር አንድ ላይ በላሁ። ቃሪያውን እየሰነግኩ ነው።

ፍልሰታን ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

---

ሞጣ ነኝ

አባቴ አይኤንአር 5.1 ሆኖ ተገኘ። የዛሬውንና የነገውን ዋርፋሪን አይውሰዱ፣ ከዚያ መጠኑ ይቀነስ ተባሉ፣ በሳምንቱ እንደገና ይለካል። ጎመንም በመጠኑ ይብሉ አሏቸው። ፋርማሲው እድሜ ይስጥህ።

---

የጣና ዳር

መምህርት የፍልሰታውን እኔ ልመልስልሽ፣ በጾም ሎው ካርብ መያዝ ይከብዳል ግን ይቻላል። ጎመን በዘይት፣ ቆስጣ፣ የአበባ ጎመን፣ እንጉዳይ ከተገኘ፣ አቮካዶ በሎሚ፣ ሰላጣ ከቃሪያ ጋር። ለማጥገቡ ተልባ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ። ፕሮቲን እንዳይጎድልሽ ምስር ወይ ሽሮ በትንሹ አስገቢ፣ እነሱ ካርብ ቢኖራቸውም እንደ ዳቦ ስኳር ቶሎ አያወጡም። ሎሚውን ከእሳት ከወረደ በኋላ ጭመቂበት። ጾሙ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስለሆነ የስኳር መድኃኒት ጀምሪ ከተባልሽ ግን ሰዓቱን ከሐኪምሽና ከንስሐ አባትሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪበት።